ጥናቱ ሌላ ይላል፣ ዋርዳችን ሌላ ይሠራል። እንዴት ነው የሚገናኙት?

የማታ ተረኛ፦

ሰላም የሙያ ጓደኞቼ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የምሠራው የቀዶ ሕክምና ዋርድ ነው። እኛ ጋ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ ገብቶ መድኃኒትና ፈሳሽ የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ) 72 ሰዓት ከሞላው ይነቀላል። ደህና ይሁን አይሁን የሚያይ የለም። ፕላስተሩ ላይ ቀን ተጽፏል፣ ቀኑ ደረሰ፣ ይነቀል፣ አለቀ። በቀደም አንዲት እናት ነበሩ፣ ደም ሥራቸው ጨርሶ አልገኝ የሚል። የነበረው ካኑላ ጥሩ ይሠራል፤ መቅላት የለ፣ እብጠት የለ፣ ሕመም የለ። ሰዓቱ ስለሞላ ብቻ ነቀልንና አዲስ ፍለጋ ገባን። ግራ እጅ ተሞከረ፣ ቀኝ ተሞከረ፣ ሲኒየር ተጠራ፣ በስንት መከራ ክንዳቸው ላይ አንድ ቀጭን ተገኘ። እሳቸውም "የቀድሞው ምን ሆኖ ነው የነቀላችሁት?" ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው ጠፋኝ።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በፈረንጆቹ 2012 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ፣ አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ፣ 3,283 ታካሚዎች የገቡበት። ግማሾቹ በየሦስተኛው ቀን ካኑላቸው ተቀየረ፣ ግማሾቹ ደግሞ ምልክት ሲታይ ብቻ። የደም ሥር መቆጣት በሁለቱም ወገን 7 በመቶ። እኩል! ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማም ቢሆን ወደዚያው ነው የሚያዘነብለው፤ በሰዓት መቀየሩ ይጠቅማል የሚያሰኝ ግልጽ ማስረጃ አላገኘም።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ዋናውን ሐሳብ በአንድ ገጽ ጽፌ ነርስ ስቴሽን ያለው ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት። በርክክብ ሰዓትም ተናገርኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። "ጎበዝ፣ በርቺ" ተባልኩ። በማግስቱ ግን ያው ነው። ኃላፊያችን "መመሪያው ሲቀየር እንቀይራለን" አለች። አንድ ነባር ባልደረባችን ደግሞ "አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሠራው" ብሎ ሳቀብኝ።

በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ነርሲንግ እየተባልን ተምረናል፣ ተፈትነንበታል፣ ኤ ያመጣንበትም አለን። ዋርድ ስንገባ ግን ሁሉም ነገር ከደብተሩ ጋር ቤት የቀረ ነው የሚመስለው። እናንተ ጋ ጥናት አንብቦ አሠራር ያስቀየረ ሰው አለ? ከየት ጀመራችሁ? ቲዎሪውን ተዉትና ያደረጋችሁትን ንገሩኝ።


አይሲዩ ሰፈሬ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን ወረቀት ከሰሌዳው ላይ አንሺው። የምሬን ነው። ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ነገር በሳምንቱ ግድግዳ ይሆናል፣ ማንም አያየውም። የስብሰባ ማስታወቂያ፣ የጠፋ ቁልፍ፣ የአንቺ ጥናት፣ ሁሉም እኩል ነው።

ሰዉ ካኑላ የሚነቅለው ጥናት ስላላነበበ አይመስለኝም። የሚነቅለው ፕላስተሩ ላይ ቀን ስላለ ነው። ቀኑ ያዘዋል። ስለዚህ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ከመነካካትሽ በፊት እጁ የሚነካውን እዪ፦ ፕላስተሩን፣ ፎርሙን፣ ትሮሊውን።

አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ የተሠራውን ሥራ ሳትሰሚ አትቀሪም፣ ውጤቱ በፈረንጆቹ 2006 የታተመው። 103 አይሲዩዎች (የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች) ናቸው ሪፖርት ያደረጉት። ከማዕከላዊ ካቴተር (ትልቁ ደም ሥር ውስጥ ከሚገባው ረጅም ቱቦ) የሚመጣ የደም ኢንፌክሽን በሺህ የካቴተር ቀን መካከለኛው 2.7 ነበር፣ በሦስት ወር ውስጥ ዜሮ ገባ። ምን አዲስ ነገር አግኝተው መሰለሽ? ምንም። እጅ መታጠብ፣ ሲገባ ሙሉ መከላከያ መልበስና መሸፈን፣ ቆዳን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ ከተቻለ ጭን ላይ አለማስገባት፣ የማያስፈልገውን ማውጣት። ሁሉም ቀድሞ የሚያውቀው ነው። የተቀየረው ሌላ ነው። ዕቃው በሙሉ አንድ ጋሪ ላይ ተቀመጠ፣ ስለዚህ ጓንት እዚህ ጎዝ እዚያ እያሉ መሯሯጥ ቀረ። ቼክሊስት ተዘጋጀ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ነርሷ ሐኪሙ ደረጃ ሲዘል ካየች "ቁም" የማለት ሥልጣን ተሰጣት፣ በቃል ብቻ ሳይሆን ከላይ የሚደግፋት ኖሮ። እኔ ይቺን ሦስተኛዋን ነው የምወዳት። ቼክሊስቱን ፎቶ ኮፒ አድርገው ሥልጣኑን ያስቀሩ ቦታዎች እኮ ሞልተዋል። ከዚያ "እኛ ጋ ሞክረነው አልሠራም" ይላሉ።

የእጅ ንጽሕናም እንደዚያው ነው። የጄኔቫ ሆስፒታሎች ከ1994 እስከ 1997 ባለው ጊዜ ከ48 በመቶ ወደ 66 በመቶ አሳደጉት። ፖስተርም ነበራቸው፣ እውነት ነው፣ ግን ዋናው ነገር የአልኮል ማሻው አልጋው አጠገብና ኪስ ውስጥ መግባቱ ነው። ሲንኩ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሆኖ "በእያንዳንዱ ታካሚ መካከል ታጠቡ" ማለት ቀልድ ነው። ማን ነው ሃያ ጊዜ የሚመላለሰው?

ስለዚህ የእኔ ምክር፦ ፕላስተሩ ላይ የሚጻፈው "የሚነቀልበት ቀን" ከሆነ "የገባበት ቀን" ይሁን። እዚያው ቻርቱ ላይ ደግሞ በየሽፍቱ ካኑላውን አይቶ የሚፈረምበት አንድ መስመር ይጨመር። ንግግሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።


ለምን ባይ፦

ቆይ አንዴ። እንዴት እናስገባው ከማለታችን በፊት ምኑን ነው የምናስገባው?

ጠያቂዋ፣ ያነበብሽው ጥናት ጥሩ ጥናት ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በዪ። ምልክት ሲታይ ብቻ ይቀየር ማለት ምልክቱን በየቀኑ የሚያይ ሰው አለ ማለት ነው። አንቺ ራስሽ "የሚያይ የለም" ብለሽ ጽፈሻል። በማይታይበት ዋርድ 72 ሰዓት እኮ የደህንነት ቀበቶ ነው። ሰው ቢረሳው እንኳ ቢበዛ በሦስተኛው ቀን ይወጣል። ቀበቶውን ፈትተሽ ምልከታውን ካልተካሽ ካኑላው ተረስቶ ሳምንት ሊከርም ነው።

ይሄ የእኔ ፍርሃት ብቻ አይደለም። እዚያው ጄኔቫ፣ አሁን አይሲዩ ሰፈሬ ያመሰገናቸው ሆስፒታሎች፣ በየ96 ሰዓቱ መቀየሩን ትተው ምልክት ሲታይ ብቻ ወደሚለው ዞረው ነበር። በ2021 የታተመው ውጤት ከካኑላ የሚመጣ የደም ኢንፌክሽን መጨመሩን አሳየ፣ እነሱም ወደ ቀድሞው ተመለሱ። በዕጣ የተመደበ ጥናት አይደለም፣ የምልከታ ነው፣ ስለዚህ ላንሴቱን ሙሉ በሙሉ ሻረው ማለት አይቻልም። ግን ችላ የሚባልም አይደለም። ደም ሥር መቆጣትና የደም ኢንፌክሽን አንድ አይደሉም። መቆጣት ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፣ 3,283 ሰው ላይ በደንብ ይታያል። የደም ኢንፌክሽን በእጅ ካኑላ ብርቅ ነው። ብርቅ ነገርን ለማየት ከዚያ በጣም የሚበልጥ ሰው ያስፈልጋል፤ ጄኔቫዎቹ ያዩት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ካኑላ ነው።

የአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ተቋም ሲዲሲም በ2011 መመሪያው ላይ ለአዋቂዎች ከ72 እስከ 96 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ መቀየር አያስፈልግም ካለ በኋላ፣ ምልክት ሲታይ ብቻ መቀየርን "ገና ያልተፈታ ጉዳይ" ብሎ ነው የተወው። ኃላፊሽ "መመሪያው ሲቀየር" ያለችው ስንፍና ላይሆን ይችላል።

አንድ ጽሑፍ አንብቦ ዋርድ መቀየር የሚባለው ነገር ያሳስበኛል። መጀመሪያ ጋይድላይን (መመሪያ) ፈልጊ፣ ከዚያ ሲስተማቲክ ሪቪው (ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ግምገማ)፣ ነጠላ ጥናት መጨረሻ ላይ። ስታነቢም "ውጤቱ ምን ሆነ?" ብቻ ሳይሆን "እዚያ ማን ምን ያደርግ ነበር፣ እኛ ጋ ያ ሰው አለ ወይ?" ብለሽ ጠይቂ። የአልጋ ቁስል ላይ አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። በ2013 የታተመ ጥናት፣ አሜሪካና ካናዳ ያሉ 27 የአረጋውያን መኖሪያዎች ውስጥ የተሠራ፣ በየ2፣ በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ ማገላበጥ ልዩነት አላመጣም አለ። አንዳንዱ ይሄን ሰምቶ "እሰይ፣ በየአራት ሰዓቱ ይበቃል" ሊል ይችላል። ሰዎቹ የተኙት ጥቅጥቅ ባለ ጥሩ ፎም ፍራሽ ላይ ነው። የእናንተ ፍራሽ መሃሉ ጎድጉዶ ብረቱ የሚቆጠር ከሆነ ጥናቱ ስለ እናንተ አልተናገረም።


የማታ ተረኛ፦

ለምን ባይ፣ የጄኔቫውን አላነበብኩትም ነበር፣ አመሰግናለሁ። ትንሽ ሞራሌን ነካኸው ግን ልክ ነህ። ያ ማለት ዝም ብለን በ72 ሰዓት እንቀጥል ነው?


ለምን ባይ፦

አይደለም። ምልከታውን መጀመሪያ አስገቢ። 72ቱን የመተዉ ነገር ከዚያ በኋላ ይታያል። ምልከታው ብቻውንም ብዙ ጥቅም አለው፣ ምክንያቱም በ72 ሰዓት የሚነቅል ዋርድ በ20 ሰዓት የተቆጣውን ካኑላም 72 እስኪሞላ ያቆየዋል። እሱን የሚያወራ የለም።


አንጋፋዋ ሲስተር፦

ስለ ነባር ነርሶች ስለተነሣ እኔም ልግባ። "ሳትወለጂ ጀምሮ" ካሉት ወገን ነኝ፣ ሳቁ ግን ተገቢ አልነበረም።

ልጄ፣ ነባር ሰው ጥናት ስለሚጠላ አይደለም የሚያመነታው። የተማርነው ነገር ስንት ጊዜ ተገልብጧል መሰለሽ። የቀላ ቆዳን እሹ ተባልን፣ እሺ ብለን አሸን። በኋላ አትሹ፣ ሥሩ ያለውን ሥጋ ትጎዳላችሁ ተባለ። ካኑላ በሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ በሚያደርገው መድኃኒት) እናጥብ ነበር፣ ኋላ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) እኩል ይሠራል ተባለ፣ ማስረጃው ደግሞ ከ1991 ጀምሮ ነበር። የትንፋሽ ቱቦ ሳክሽን ከማድረጋችሁ (አክታ ከመምጠጣችሁ) በፊት ሳላይን ጠብ አድርጉ ተባልን፣ በኋላ እንደ ልማድ አታድርጉት ተባለ። ለቀዶ ሕክምና ማታውኑ በምላጭ እንላጭ ነበር፣ ምላጩ ቆዳውን እየቧጠጠ ኢንፌክሽን ይጨምራል፣ ማስወገድ ካስፈለገ በክሊፐር ይሁን ተባለ። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ጠብታ ውሃ አይቅመሱ ስንል ኖርን፣ ዛሬ ለአብዛኛው ሰው ንጹሕ ፈሳሽ ማደንዘዣ ሊሰጥ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይቻላል ይባላል። ይሄን ሁሉ ያሳለፈ ሰው አዲስ ወረቀት ሲያይ "ይሄስ መቼ ነው የሚገለበጠው?" ቢል አትፍረጂበት። ዛሬ እንኳ እዚሁ አንድ ገጽ ላይ ላንሴትና ጄኔቫ ተጣሉ እኮ!

ደንብ ሁሉ ሲጀመር ምክንያት ነበረው። ድሮ ካኑላው የሚሠራበት ነገር የዛሬው አልነበረም፣ ደም ሥር ቶሎ ያስቆጣ ነበር። በጊዜ ማውጣቱ ለዚያ ትክክል ነበር። ዕቃው ተቀየረ፣ ደንቡ ግን እንዳለ ቀረ። አንድ ወጣት መጥቶ "ተሳስታችኋል" ሲለኝና "ይሄ ደንብ ለምን ነበር የመጣው?" ሲለኝ አንድ አይደለም። ሁለተኛው ያስወራኛል። እያወራሁ ራሴ "ውይ፣ ያ ምክንያት እኮ ዛሬ የለም" ላይ እደርሳለሁ።

ሌላው፣ በርክክብ ላይ በሰው ፊት አትጀምሪው። ሰው በሰው ፊት አቋሙን አይለውጥም። መጀመሪያ ያንን የሳቀብሽን ሰው ለብቻው ያዢው። "ደም ሥር በማግኘት እንደ አንተ የለም፣ እስቲ አብረን እንይ" በዪው። ዋርዱ ውስጥ ሁሉም ካኑላ ሲያቅተው የሚጠራው እሱ ከሆነ፣ በከንቱ ለተነቀለው ሁሉ ዕዳ ከፋዩ እሱ ነው። ከአንቺ በላይ ሊቆጨው ይችላል።

እሱ ካመነ ኃላፊዋ ጋ ሁለት ሆናችሁ ትገባላችሁ። እሱ ካላመነ ደብዳቤ ብታጽፊም ሌሊት ሌሊት እንደቀድሞው ይሠራል።


ደክሞኛል፦

ሁላችሁም ጥሩ ትላላችሁ። እኔ የማየው ሌላ ነው። አንድ ነርስ የስንት ሰው ጭንቅ ተሸክማ በየሽፍቱ ካኑላ እያየች ትፈርም? ማስረጃ ከተባለማ በ2002 የታተመው የአይከንና የባልደረቦቿ ጥናት አለ። ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ላይ፣ ለአንድ ነርስ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል 7 በመቶ ይጨምራል ይላል። ይሄም ማስረጃ ነው። ማን ተገበረው? ነርስ ላይ ሥራ የሚጨምር ማስረጃ ሲሆን ቶሎ ፎርም ይታተማል፣ ነርስ የሚጨምር ማስረጃ ሲሆን "በጀት"።


አይሲዩ ሰፈሬ፦

ደክሞኛል፣ እውነትህን ነው፣ የምከራከርበት የለኝም። ለዚያ ነው እኔ ሁልጊዜ ሥራ ከሚቀንስ ማስረጃ ጀምሩ የምለው። ተዉ የሚል ጥናት ብዙ አለ። ጠያቂዋ ያነሣችው ራሱ እንደዚያ ነው። የማያስፈልግ ካኑላ ሳይገባ ቢቀር፣ የሚሠራው ባይነቀል፣ የሚድነው ሰዓት የነርሷ ነው።


የጥራት ቡድን፦

እኔ ነርስ ሆኜ አሁን ጥራት ክፍል ነው የምሠራው። ቲዎሪ አልፈልግም ስላልሽ እኛ ያደረግነውን ልንገርሽ፣ ካኑላ ግን አይደለም፣ ኤንጂ ቲዩብ (በአፍንጫ ሆድ ድረስ የሚገባው የምግብ ቱቦ) ነው።

እንደ ብዙ ቦታ ሁሉ እኛም ቲዩቡ ሆድ መግባቱን የምናረጋግጠው አየር ገፍተን በስቴቶስኮፕ በማዳመጥ ነበር። "ጉር" ካለ ገብቷል፣ ምግብ ይጀመር። ችግሩ ቲዩቡ ሳንባ ውስጥም ሆኖ ያንኑ ድምፅ ሊያሰማ ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ የታካሚ ደህንነት ተቋማቸው ይሄን አትጠቀሙ ብሎ በ2005 ማስጠንቀቂያ አወጣ፣ በ2011 ደግሞ ደገመው፣ ምክንያቱም ሰው አሁንም እያዳመጠ ነበር። የሚመከረው የተቀዳውን ፈሳሽ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) መለካት ነው፣ 5.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መጀመር ይቻላል፣ ካልሆነ ወይም ፈሳሽ ካልተገኘ ራጅ።

እኛም ሥልጠና ሰጠን። ሁሉም ገባው። ማንም አላደረገውም። ተበሳጭተን ሌላ ሥልጠና ልናዘጋጅ ስንል አንዷ ልጅ "ፒኤች መለኪያው ወረቀት፣ ስትሪፑ የታለ?" አለች። አልነበረም! ፋርማሲ ስንጠይቅ ደግሞ የመጣው ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት ነው። እሱ አሲድ መኖሩን እንጂ መጠኑን አይናገርም፣ የሆድ ፈሳሽና የአየር ቧንቧ ፈሳሽ አይለይም፣ የእንግሊዙ ማስጠንቀቂያም ለይቶ ከልክሎታል። በቁጥር የሚያሳየውን ለማስገዛት የሄድነው ውጣ ውረድ ለብቻው አንድ ልጥፍ ይወጣዋል፣ ልተወው።

ስትሪፑ ሲመጣ የምግብ መስጫ ፎርሙ ላይ "ፒኤች" የሚል ሳጥን ጨመርን። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ርክክብ ላይ የሚረከበው ሰው ይጠይቃል። ከሥልጠናው ሁሉ ይሄ ባዶ ሳጥን ሠራ። ከዚያ ያልጠበቅነው ጥያቄ መጣ፦ ፈሳሽ አልመጣም ሲባልስ? በግራ ጎን ማስተኛት፣ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር አየር ገፍቶ ትንሽ ቆይቶ መሞከር፣ ቲዩቡን ትንሽ ማስገባት ወይም ማውጣት። ኦሜፕራዞል (የሆድ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት) የሚወስድ ታካሚስ? ሆዱ ውስጥ ሆኖም ፒኤቹ ከፍ ሊል ይችላል፣ ስለዚህ ከፍ ሲል ራሱን እንደ ስህተት ሳይሆን ራጅ እንደሚያስፈልግ ምልክት መውሰድ። እነዚህን በአንዲት ትንሽ ካርድ ጽፈን ስትሪፑ ካለበት ዕቃ ጋር አሰርናት። ሰሌዳ ላይ አይደለም!

አካሄዱን ለአንቺ ሳመጣው፦ ጥያቄሽን አጥብቢው። የትኞቹ ታካሚዎች፣ ምን ይደረግ፣ ከምን ጋር ሲነጻጸር፣ የምንለካው ምን ውጤት ነው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ ምንም ሳትቀይሪ ያለውን ቁጠሪ። ሰው ይሄን ይዘላል። ቁጥሩ ከሌለሽ በኋላ "ተሻለ" ስትዪ ማን ያምንሻል? ከዚያ በጥቂት አልጋ፣ ፈቃደኛ በሆነ አንድ ሽፍት ብቻ ሞክሪው። ፎርሙን በእስክሪብቶ አስምሪው፣ ማተሚያ ቤት አትላኪው፣ ምክንያቱም በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ጊዜ ታርሚዋለሽ። ኃላፊዋም ዋርዱን በሙሉ ቀይሪ ከምትባል ለሙከራ እሺ ማለት ይቀላታል።

ንባቡን በተመለከተ የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያው ፐብሜድ ነጻ ነው፣ ኮክሬንም ለማንም የሚገባ አጭር ማጠቃለያ በነጻ ያወጣል። ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆነ አገሮች ያሉ ተቋማት ደግሞ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ከ2002 ጀምሮ ሂናሪ የሚባል የሕክምና መጽሔቶች ማንበቢያ አላቸው። የተቋሙ ቤተ መጻሕፍት ወይም የሥልጠና ክፍል የይለፍ ቃሉን ይዞ ማንም ሳይጠይቀው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ ጠይቂያቸው።


የማታ ተረኛ፦

ከጠፋሁ ቆየሁ፣ ግን ባዶ እጄን አልተመለስኩም።

ጥራት ቡድን እንዳልከው ምንም ሳልቀይር ዞሬ አየሁ። አንድ የማታ ሽፍት፣ ባትሪ ይዤ፣ አልጋ በአልጋ። ያየሁት 72 ሰዓትን አስረሳኝ። ብዙዎቹ ካኑላዎች ላይ ምንም ነገር አይሄድም! መድኃኒቱ ወደ አፍ ከተቀየረ ቆይቷል፣ ፈሳሹ ቆሟል፣ ካኑላው ግን "ምናልባት ቢያስፈልግ" ተብሎ ቁጭ ብሏል። ታካሚዎቹም እጃቸውን ማጠፍ እየፈሩ በአንድ እጅ ይበላሉ። ለካ እኔ መቼ ይቀየር እያልኩ ስከራከር፣ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው።

ሲስተር፣ እርስዎ እንዳሉት የሳቀብኝን ሰው ለብቻው ያዝኩት። "ይሄ የ72 ሰዓት ነገር ለምን ነበር የተጀመረው?" አልኩት። አላመንኩም፣ ቁጭ ብሎ አወራኝ። የዞርኩበትን ወረቀት ሳሳየው ደግሞ የማያስፈልጉትን አንድ በአንድ እየቆጠረ "እነዚህን እኮ እኔ ነኝ እየተጠራሁ ያስገባሁት" ብሎ ተናደደ። አሁን ከእኔ ብሶ ተከራካሪው እሱ ሆኗል፣ እንዲያውም ትንሽ ያስፈራል።

ኃላፊያችን 72ቱን ለመተው አልፈቀደችም፣ ከለምን ባይ በኋላ እኔም አልጠየቅኳትም። የፈቀደችው ይሄን ነው፦ ስድስት አልጋ ላይ፣ ቫይታል ሳይን (ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት) የምንጽፍበት ወረቀት ጫፍ ላይ ሁለት ነገር በእስክሪብቶ ይጨመራል። አንዱ "ዛሬ ያስፈልጋል?"፣ ሌላው ቦታው ያለበት ሁኔታ፣ ከ0 እስከ 5 በሚሰጠው የቪአይፒ ነጥብ (የደም ሥር መቆጣትን በዓይን አይቶ መመዘኛ)። 0 ንጹሕ፣ 1 ትንሽ ሕመም ወይም ትንሽ መቅላት ብቻ ስለሆነ ይጠበቃል፣ 2 ከሆነ ሰዓቱ ሞላ አልሞላ ይነቀላል። ቫይታል ሳይን ለመውሰድ እጃቸውን መያዛችን ስለማይቀር ለብቻው ዙር አይጠይቅም። ደክሞኛል፣ ይሄን ያሰብኩት አንተን አስቤ ነው።

አንድ ነገር ግን ወዲያው ያዘን። የእኛ ካኑላ በጎዝና በነጭ ፕላስተር ነው የሚታሸገው። ቦታውን እይ ብዬ ፎርም ሠራሁ፣ የሚታይ ነገር የለም! በየሽፍቱ እየላጥን እንየው ቢባል ደግሞ ካኑላውን እኛው ነን የምናንቀሳቅሰው። ምን ይሻላል?


የጥራት ቡድን፦

ይሄ የእናንተ ስትሪፕ ነው። ግልጽ ሽፋን ጠይቁ፣ በስድስት አልጋ ልክ ብቻ ቢሆን እንኳ። ስቶር ሲጠየቅ ቁጥር ማየት ይወዳል፣ የዞርሽበትን ወረቀት አያይዢበት። በከንቱ የተነቀለና በከንቱ የተቀመጠ ካኑላ ዋጋውም ቀላል አይደለም።


አንጋፋዋ ሲስተር፦

እስኪመጣ ሥራ አታቁሙ። ሽፋኑን ሳትነኩ በላዩ ላይ በጣት ቀስ ብላችሁ ደባብሱትና "ያምዎታል?" በሉ። ካመማቸው፣ ወይም ትኩሳት ካለ፣ ወይም ከፕላስተሩ ጠርዝ ውጪ መቅላት ከታየ ያኔ ግለጡት። ካላመማቸው ተዉት። አልናገር ያለ፣ የደከመ ወይም ራሱን የሳተ ታካሚ ላይ ግን ይሄ አይሠራም፣ የመጣውን ግልጽ ሽፋን መጀመሪያ ለእነሱ አድርጉት።

ለዚያ ለተናደደው ሰውዬም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ማታ ማታ ተረኛ ሲሆን ፎርሙን እሱ ይሙላው፣ የተሞላውን ደግሞ ጠዋት አንቺ ሂሳቡን ያዢ።